ክፍት ወይስ ዝግ? (ስለ ጆሮ ማዳመጫ ምርጫ)

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው ለማለት ነው። እኔ ግን ከሥራዬ የተነሣ ይህን አባባል በሌላም መንገድ ለምጄዋለሁ። ጆሮው እየደከመ የመጣ ሰው መድከሙን የሚያውቀው ቤተሰቡ ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው። ከማዳመጫው እያመለጠ የሚወጣው ዘፈን አብሮ አደሩን እንቅልፍ እንደነሳውም እንዲሁ የሚሰማው በመጨረሻ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምሠራው ደግሞ አሌክሳንድርያ ነው። ሥራዬ በስብሰባ አዳራሾች ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ መዘርጋት ስለሆነ፣ ወዳጅ ዘመድ ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ሳይቀር «የትኛውን ሄድፎን ልግዛ?» ይለኛል። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ኩባንያው ስምና ስለ ዋጋው ነው። ከሁለቱም በፊት መነሣት ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ጀርባው ክፍት ነው ወይስ ዝግ? እንዲህ ያለ ልዩነት መኖሩን የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ከታች ልዘርዝር። በደፈናው «ክፍቱ ይሻላል» ወይም «ዝጉ ይሻላል» ማለት አይቻልም። ለመምረጥ ግን ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛ፣ እኔ የምሰማውን ማን እንዳይሰማው እፈልጋለሁ? ሁለተኛ፣ እኔ እያዳመጥኩ ሳለ ማንን መስማት አለብኝ? እነዚህን ሁለቱን በቅንነት የመለሰ ሰው ከግማሽ በላይ መንገድ ሄዷል። የቀረው የዋጋና የምቾት ጉዳይ ነው።

የጭሱ ነገር

በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ድምፅ የምትፈጥረው ዲያፍራም የምትባል ስስ ሽፋን ናት። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንቀጠቀጣለች። ወደ ጆሮ ስትገፋ በፊቷ ያለውን አየር ታምቀዋለች፤ በዚያችው ቅጽበት በጀርባዋ ያለው አየር ይሳሳል። ስለዚህ ከፊት እንደሚወጣው ሁሉ ከኋላም ድምፅ ይወጣል ማለት ነው፤ ግን ተገላቢጦሽ ሆኖ። ማዳመጫ ሠሪዎችን ሁሉ የሚያስጨንቃቸው ይህን የኋላ ድምፅ የት እናድርሰው የሚለው ነው።

የሣር ጎጆ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በሣር ክዳን ቤት እሳት ሲነድ ጭሱ በክዳኑ መሐል እየሰረገ ይወጣል። ከሩቅ ያየ መንገደኛም እቤቱ ውስጥ እሳት መኖሩን ያውቃል። ክፍት ማዳመጫ እንደዚያ ነው። ጀርባው በወንፊት መሰል ብረት ወይም ፕላስቲክ ብቻ ስለተሸፈነ የኋላው ድምፅ ወደ ውጭ ይተናል፤ የውጭውም ድምፅ በዚያው ቀዳዳ ይገባል። ቆርቆሮ ለብሶ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ ቤት ግን ጭሱን ያፍነዋል። ዝግ ማዳመጫም ጀርባው ድፍን ነውና የኋላው ድምፅ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ይመለሳል። ሠሪው ስፖንጅና ጨርቅ አስገብቶ፣ የኩባያውንም ቅርጽ አስተካክሎ ካላዳከመው በስተቀር ከዋናው ድምፅ ጋር ተደባልቆ ያደፈርሰዋል።

ከዚህ የተነሣ ባሕርያቸው ይለያያል። በክፍቱ ድምፁ የተፍታታ ነው። ዘፋኙ መሐል፣ ጊታሩ ወደ ቀኝ፣ ከበሮው ወደ ኋላ እያለ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ሙዚቃው ከራስ ቅል ትንሽ ወጣ ብሎ የሚጫወት ይመስላል። በጣም ወፍራሙ ድምፅ ግን በክፍቱ ይሳሳል፤ ከፊትና ከኋላ ያለው አየር በከፊል እየተገናኘ እርስ በርሱ ይጠፋፋልና። ዝጉ ወፍራሙን ድምፅ አምቆ ይይዛል፣ ኃይልም ይሰጠዋል፤ የውጭውንም ጫጫታ ይቀንሳል። ዋጋው ዝቅ ሲል ግን ያ ወፍራም ድምፅ ባዶ በርሜል ውስጥ የሚመታ ይመስላል።

በመሐከል «ገሚስ ክፍት» የሚባሉ አሉ፤ እንደ ኤኬጂ ኬ240ና እንደ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 880 ያሉት። ድምፃቸው መልካም ነው። ከጎረቤት አንጻር ግን እንደ ክፍት ቁጠሯቸው፤ ምሥጢር አይጠብቁም።

ትንሽ ታሪክ

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እ.ኤ.አ. በ1910 ናታንኤል ቦልድዊን የተባለ የዩታ ሰው በቤቱ ኩሽና የሠራቸውን ማዳመጫዎች ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሸጠ። ያን ጊዜ የሚደመጠው የራዲዮ መልእክት እንጂ ሙዚቃ አልነበረም። በ1958 ጆን ኮስ የተባለ የሚልዋኪ ሰው ሙዚቃን በስቴሪዮ ለማዳመጥ የታሰበ ማዳመጫ አወጣ። ክፍት ማዳመጫ ገበያ ላይ የወጣው ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላ በ1968 ነው፤ የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኤችዲ 414 ይባላል፤ ጀርባው ክፍት፣ መደገፊያው ቢጫ ስፖንጅ፣ ክብደቱም ቀላል ነበር፤ በሚሊዮን ተሸጠ። በ1979 የሶኒ ዎክማን ሲወጣ ስስ ስፖንጅ የለበሰ ቀላል ማዳመጫ ይዞ መጣ። ብዙዎቻችን አገር ቤት እያለን ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ያየነው ያ ነው። ከአጠገብ የተቀመጠ ሰው ዘፈኑን እኩል ይሰማው እንደነበረም አንረሳም።

የውጭውን ጫጫታ በኤሌክትሮኒክስ የሚያጠፋ ማዳመጫ የመሥራት ሐሳብ ለአማር ቦዝም መጥቶለታል፤ በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር የአውሮፕላኑ ሞተር ሙዚቃ አላሰማ ስላለው። ለተራ ሸማች በቦዝ ስም የወጣው በ2000 ነው። ዛሬ ሱቅ ስትገቡ ከፊት የሚደረደሩት የዚህ ዘር ናቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዝግ ናቸው። ክፍቱን ፈልጎ ካልጠየቁ በስተቀር ማግኘት ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ማን እንዳይሰማ?

የኛ ሰው በዚህ አካባቢ እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። በሲልቨር ስፕሪንግ ቤዝመንት ተከራይቶ ባለቤቶቹ ከራሱ በላይ የሚራመዱበት አለ። በአሌክሳንድርያ ሴሚናሪ ሮድ ላይ በቆሙት ረጃጅም ሕንፃዎች አንድ መኝታ ቤት ለሁለት የሚጋራ አለ። ደግሞም የኛ ቤት ሰዓቱ አንድ አይደለም። ታክሲ ነጂው ሲገባ ነርሷ ትወጣለች፤ ፓርኪንግ የሚያድረው ሲተኛ ተማሪው ይነሣል። «ሌሊት ነውና ዝም በሉ» የሚባልበት የጋራ ሌሊት የለንም። በቀን 6 ሰዓት ላይ ሌሊቱ የሆነ ሰው በየቤታችን አለ።

እንዲህ ባለ ቤት ክፍት ማዳመጫ ከትንሽ ራዲዮ ብዙም አይለይም። የማውቃቸው ሁለት ወጣቶች አሌክሳንድርያ ውስጥ አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር። አንደኛው ጥሩ ክፍት ማዳመጫ ገዛና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጥላሁንን ያዳምጥበት ጀመር። ሁለተኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ኤርፖርት ሥራ የሚገባ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ከአልጋው ቀና ብሎ «ወንድሜ፣ ወይ ለሁለታችንም ክፈተው፣ ወይ ለሁለታችንም ዝጋው» አለው። ማለፊያ አባባል ነው። የተኛውን ሰው የሚረብሸው እኮ ዘፈኑ ራሱ አይደለም። ከክፍት ማዳመጫ አምልጦ የሚወጣው ቀጭኑ ክፍል፣ ሲምባሉና «ሰ» «ሸ» የሚለው ድምፅ ስለሆነ፣ ዜማው ሳይለይ እንደ ፌንጣ ይጮሃል።

ስለዚህ ክፍል የምትጋሩ ከሆነ፣ ሕፃን አጠገባችሁ የሚተኛ ከሆነ፣ ወይም ባለቤታችሁ በቀን የምትተኛ ከሆነች ጥያቄው እዚህ ላይ አብቅቷል፤ ዝግ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ልትፈትኑ ብትፈልጉ ማዳመጫውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ አትስሙ፤ ዝጉም ቢሆን ራስ ላይ ሳይሆን ሲቀር በጎኑ ያፈሳል። ሌላ ሰው ያድርገው፣ በለመደው መጠን ይክፈት፤ እናንተ የሚተኛው ሰው የሚተኛበት ቦታ ሄዳችሁ ጋደም በሉ። የሰማችሁት እሱ የሚሰማውን ነው።

በዚሁ ረድፍ የሚገቡ ሌሎችም አሉ። እቤታቸው መዝሙር የሚቀዱ፣ ለራዲዮ ፕሮግራም ድምፅ የሚያዘጋጁ፣ በኢንተርኔት ንግግር የሚያስተላልፉ ወገኖች በቀረጻ ጊዜ ዝግ ያስፈልጋቸዋል። ክፍቱ የሚያፈሰውን ማይክሮፎኑ መልሶ ይሰማዋል፤ ከዘማሪዋ ድምፅ ሥር የቀደመው ቅጂ እንደ ጥላ ይከተላታል። ቀረጻው አልቆ ድምፅ ሲመጣጠን ደግሞ ክፍቱ ይመረጣል፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለይቶ ያሳያልና።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ማንን ልስማ?

ይህኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ከባዱ እሱ ይመስለኛል።

ልጅ ለመጠበቅ ከአገር ቤት የመጡ እናት ያሉበት ቤት አስቡ። ቀኑን ሙሉ አፍ የሚፈቱበት ሰው የላቸውም። ማታ ልጆቻቸው ከሥራ ሲገቡ አንዱ ማዳመጫውን አድርጎ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል፤ ሌላዋ ማዳመጫዋን አድርጋ ወጥ ቤት ትገባለች። እናት ይጣራሉ። መልስ የለም። እንደገና ይጣራሉ። ባገራችን ሲጠሩ «አቤት» አለማለት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። እንዲህ ያለ ቤት ሄጄ፣ እኚህ እናት «ልጆቼስ አሉ፤ ጆሯቸው ነው የሌለ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ለባቡር የተገዛው ዝግ ማዳመጫ እቤትም ከራሳቸው ላይ ስላልወረደ ነው።

ክፍት ማዳመጫ እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታወቀው። ከውጭ የሚመጣውን ምንም ያህል አይከለክልም። ድምፁን መጠነኛ አድርጋችሁ እያዳመጣችሁ ልጅ ሲያለቅስ፣ በር ሲንኳኳ፣ ምድጃ ላይ የተጣደው ሲገነፍል፣ እናታችሁ ሲጣሩ ትሰማላችሁ። የራሳችሁ ክፍል ካላችሁና ሌላውን የማይረብሽ ከሆነ፣ ለቤት ክፍት ማዳመጫን የሚያህል የለም። አንዳንዶቹ አዳዲስ ዝጎች በማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ የሚያስገባ ቁልፍ አላቸው። ይጠቅማል፤ ነገር ግን ሰው ማብራቱን ይረሳል፣ ባትሪውም ያልቃል። ክፍቱ ግን ሁልጊዜም ክፍት ነው።

ስልክም አለ። የኛ ሰው አዲስ አበባ ሲደውል ርቀቱን በጩኸት የሚያሸንፈው ይመስለዋል እያልን እንቀልዳለን። ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ዝግ ማዳመጫ ነገሩን ያብሰዋል። ሰው ሲናገር የድምፁን መጠን የሚቆጣጠረው የራሱን ድምፅ በጆሮው እየሰማ ነው። ጆሮው ሲደፈን የራሱ ድምፅ በአጥንቱ በኩል ታፍኖ ይሰማዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ስለሚያንስበት ሳያውቀው ይጮሃል። በክፍቱ የራሱን ድምፅ እንደወትሮው ስለሚሰማ በልኩ ይናገራል። ማታ ማታ ከአገር ቤት ጋር ለረጅም ጊዜ የምታወሩ ከሆነ፣ የግድግዳ ጎረቤታችሁ ክፍት ማዳመጫ ብትገዙ ያመሰግናችኋል።

ስለ መኪና ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ታክሲና ኡበር የሚያሽከረክር ወገን ብዙ ስለሆነ። በሜሪላንድም በቨርጂንያም ሕግ እያሽከረከሩ ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ መሸፈን ክልክል ነው። «የኔ ክፍት ነው፣ ውጭውን እሰማለሁ» ማለት አያድንም፤ ሕጉ የሚያየው ሁለቱ ጆሮዎች መያዛቸውን ነው። ታክሲ ካነሣሁ ደግሞ ኃይሉ መርጊያን ሳልጠቅስ አላልፍም። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የመጣው ይህ ሙዚቀኛ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን በመኪናው ይዞ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ እንደነበረ በሰፊው ተጽፏል። መኪናውን አቁሞ፣ በሩን ዘግቶ ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ሙዚቃው ሲጀመር ጎማው ይቆማል።

በባቡር ላይ፦ የጆሮ ሒሳብ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድርያ ኪንግ ስትሪት በሜትሮ የሚሄድ ሰው በቀዩ መስመር ተሳፍሮ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው ይሻገራል። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ ከምድር በላይ ስለሚሄድ ድምፁ ይቻላል። ዩኒየን ስቴሽን አካባቢ ከምድር በታች ሲገባ ግን ዋሻው ጫጫታውን መልሶ ይወረውረዋል። በዚህን ጊዜ የተሳፋሪውን እጅ ተመልከቱ፤ ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ይጨምራል። ባቡሩ ፖቶማክን ለመሻገር ከዋሻው ወጥቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ግን መልሶ የሚቀንስ የለም።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም የሚመክረው ጣሪያ በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። በ3 ዴሲቤል ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት፣ 94 ለ1 ሰዓት፣ 100 ከሆነ ለ15 ደቂቃ ብቻ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማዳመጫ ተጠቃሚ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው፤ ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የባቡሩ ጫጫታ 80 ነው እንበል። ሙዚቃው ጥርት ብሎ እንዲሰማ ከጫጫታው 10 ያህል ከፍ ይበል። በክፍት ማዳመጫ ጫጫታው እንዳለ ስለሚገባ ሙዚቃውን 90 ላይ ማድረስ ግድ ይላል። ዝጉ ጫጫታውን በ15 ቢቀንሰው 65 ይቀራል፤ ሙዚቃው በ75 ይሰማል። በሁለቱ መካከል ያለው 15 ዴሲቤል፣ በዚያ ተቋም ሒሳብ፣ የሚፈቀደውን ጊዜ 32 እጥፍ ይለውጠዋል። በሳምንት 10 ጊዜ ለሚሳፈር ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ዝጉ በራሱ በደንብ የሚከለክለው መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ እንደ ጎማና እንደ ሞተር ያለውን ወፍራም ጉምጉምታ ያሳልፈዋል። ያንን የሚያጠፋው ኤሌክትሮኒክሱ ስለሆነ ለባቡርና ለአውሮፕላን እሱ የተጨመረበት ቢሆን ይመረጣል።

የማውቀው አንድ የሌሊት ሠራተኛ አለ። ለዓመታት በሥራ ቦታው የማራገቢያ ጩኸት ላይ ሙዚቃ ሲደርብ ኖሮ ጆሮው ዛሬ ያለማቋረጥ ጭው ይላል። ሐኪሙ የነገረው አጭር ነው፤ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ዓይን መነጽር አለው፣ ጥርስ ይተከላል፤ የጠፋ ጆሮን ግን መሣሪያ ይረዳው እንደሆነ እንጂ አይመልሰውም። ዝግ ማዳመጫ ይጠብቃል የምለው ድምፁን ዝቅ ለሚያደርግበት ሰው ነው። ጫጫታው ተዘግቶለትም ድምፁን ከጣሪያ በላይ ለሚከፍት ሰው ምንም አይጠቅመውም።

የኛ ሙዚቃ በሁለቱ ሲሰማ

የፈረንጅ መጽሔቶች ማዳመጫ ሲመዝኑ የሚያሰሙት ጃዝና ሮክ ነው። እኔ የምመዝነው በኛ ነው፤ በጆሮዬ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በገና ጥሩ ፈተና ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ነገር ግን በድልድዩና በጅማቱ መካከል በገባችው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት እያንዳንዱ ጅማት ይነዝራል። ያ ንዝረት ነው በገናን በገና የሚያደርገው። ወፍራሙን ድምፅ የሚያጋንን ርካሽ ዝግ ማዳመጫ ንዝረቱን ይውጠዋል፤ በገናው ባስ ጊታር ይሆናል። በኢትዮፒክስ ተከታታይ 11ኛውን፣ የዓለሙ አጋን ቅጂ በክፍት ስሙት፤ ጣትና ጅማት ሲለያዩ ትሰማላችሁ። ማሲንቆና ክራርም በክፍቱ ያምራሉ። ማኅሌት ሲሆን ግን ነገሩ ይከፈላል። ጸናጽሉና የሊቃውንቱ ድምፅ በክፍቱ አዳራሹን ይዞ ይመጣል፤ የከበሮው ጉልበት ግን በዝጉ ነው።

የድሮውን ዘፈን በተመለከተ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ በሞኖ የተቀዳ ሸክላ በክፍትም ቢደመጥ ሁሉም ድምፅ መሐል ላይ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ «ሰፊ መድረክ ይሰጣል» የሚባለው ውዳሴ ለዚያ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ከካሴት ላይ የተገለበጠ ዘፈን ሽሽታ አለው። ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ ማዳመጫ፣ ክፍትም ይሁን ዝግ፣ ሽሽታውን ከዘፋኙ እኩል ያወጣዋል። የቴፕ ዘመን ሙዚቃ የምትወዱ ከሆነ ለስለስ ያለውን ምረጡ። በተደራራቢ ቀረጻ ለተሠራ ግን ክፍቱን የሚስተካከለው የለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርድዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን እየደራረበ የቀዳውና በ2013 እንደገና የታተመው ሥራ ንብርብሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ፀጉር፣ መነጽርና ነጠላ

የዝግ ማዳመጫ ጥቅም ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ትራሱ ጆሮን ዙሪያውን ግጥም አድርጎ መያዙ ላይ። የመነጽር እጀታ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ሻሽ ወይም ነጠላ በመሐል ከገባ ቀዳዳ ይፈጠራል። ያን ጊዜ ወፍራሙ ድምፅ ይሸሻል፣ ጫጫታው ይገባል፣ ሰውየውም ድምፁን ይጨምራል። ውድ ዝግ ገዝቶ «ባስ የለውም» ብሎ የመለሰ ባለ መነጽር አጋጥሞኛል፤ መነጽሩን ሲያወልቅ ባሱ መጣ። ክፍቱ በግጥምነት ላይ ያን ያህል አይመካም። የመስሚያ መሣሪያ በጆሯቸው ለሚያደርጉ አረጋውያንም ብዙ ጊዜ ክፍቱ ይስማማል፤ የታፈነ ኩባያ መሣሪያውን አንዳንዴ ያስፏጨዋል። ሙቀትም አለ፤ የዋሽንግተንን ሐምሌ ለምታውቁ ዝግ ማዳመጫ በጆሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልግም።

ስለ ዋጋና ስለ መሰኪያ

ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም። ከክፍቶቹ ኮስ ፖርታ ፕሮ በ1984 የወጣ ሲሆን ዛሬም ወደ 50 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ መልኩ ያረጀ፣ ድምፁ ግን ከዋጋው በላይ ነው። ከዝጎቹ ሶኒ ኤምዲአር 7506 ከ1991 ጀምሮ በስቱዲዮና በራዲዮ ጣቢያ የሚታይ የሥራ ዕቃ ነው፤ ወደ 100 ዶላር ገደማ ነው። የሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያሉት ታላላቅ ክፍቶች በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃሉ። ሌላም ይጠይቃሉ፤ 300 ኦም የሚለው ቁጥር ከስልክ ብቻ በቂ ኃይል እንደማያገኝ ይነግራችኋል፤ ማጉያ ያስፈልገዋል። ለስልክ የምትገዙ ከሆነ ከ80 ኦም በታች የሆነውን ፈልጉ። ስልካችሁ ክብ ቀዳዳ ከሌለው መቀየሪያ ገመድ መግዛት እንዳለባችሁም አስቡ። የጆሮ ትራሱ ለብቻው የሚሸጥለትን ዓይነት ምረጡ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያረጀው እሱ ነው።

በሰው ሻንጣ ወደ አገር ቤት ለምትልኩም አንድ ቃል አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ላለችው እህታችሁ በዶርም ውስጥ ብዙ ሆነው ስለሚተኙ ዝግ ላኩላት። ያለ ባትሪም የሚሠራ፣ ገመድ ያለው ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪ የሚጠብቅ ማዳመጫ ጌጥ ይሆናልና።

እንግዲህ

ሁሉን ወደ አንድ ስናመጣው፣ ከቤት ለሚወጣና ክፍል ለሚጋራ ሰው ዝግ፣ የራሱ ክፍል ኖሮት ሰው የሚጠራው ቤት ውስጥ ለሚያዳምጥ ክፍት ነው። አቅሙ ከፈቀደ ከአንድ ውድ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፤ 50 ዶላር የሚያወጣ ክፍት ለቤት፣ 100 ዶላር የሚያወጣ ዝግ ለባቡር። ዝጉን ከበር ሳትገቡ ከራሳችሁ አውርዱት።

ለስደተኛ ጆሮ ብዙ ነገር ነው። ያገር ቤት ድምፅ የሚደርሰን በእሱ ነው፤ የእናት ድምፅ በስልክ፣ ያደግንበት ዘፈን፣ የበዓል ማኅሌት። ያን ድምፅ ስንፈልግ ከአጠገባችን ያለውን ሰው ድምፅ እንዳናጣ፣ ጆሯችንም አርጅተን ልጆቻችን ሲያወሩን እንዲሰማ ሆኖ እንዲቆይ፣ ከዋጋው በፊት ጀርባውን እንይ።

ቸር እንሰንብት።